ሚስቴ፣ ግሪሳውና የሞት ሒሳብ

ቅናት ትኩሳት ያለው በሽታ ቢሆን ኖሮ፣ ባለፈው ጥቅምት የቆቦ ሜዳ እንደዚያ የጋለው በኔ ምክንያት ነው ብዬ በማልኩ ነበር። ሰው «በሚስቱ ቀና» ሲባል የሰሚ ጆሮ ቆሞ ሌላ ወንድ ይፈልጋል። እኔ ዘንድ ሌላ ወንድ የለም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር፤ ሽማግሌ ልኬ፣ ከዘራ ጨብጬ፣ ወግ ያለው ጠብ እጣላ ነበር። እኔ የቀናሁት በገዛ ሚስቴ ጭንቅላት ነው። ከጭንቅላት ጋር ደግሞ በምን ይጣሉታል?

ሁለታችንም ቆቦ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት እናስተምራለን፤ እኔ ሒሳብ፣ እሷ ባዮሎጂ። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ጊዜ «ሁለት ዓመት አገልግዬ እቀየራለሁ» ብላ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ሙቀት ከቀመሳት በኋላ ሁለት ዓመቱ ወደ ሁለት ወር ወረደ። ይኸው ልጆቻችን በቁመት በልጠውን ከቤት ወጥተዋል፤ እሷ ግን እስካሁን ዝውውር እየጠበቀች ነው እያልኩ እቀልድባታለሁ። ቤታችን ውስጥ ድንበር ነበረን። ቁጥር የኔ ነው፤ ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ የሷ። ዶሮ ካኮረፈች እሷ ትጠራለች፤ የመብራት ሒሳብ ካበጠ እኔ። በዚህ ድንበር ስንት ዘመን ተከባብረን ኖርን። ድንበሩን የጣሰችው እሷ ናት።

ነገሩ የጀመረው ወልድያ ነው። በዚህ ዕድሜያችን፣ ጢሜ የፈነዳ ጥጥ መስሎ፣ የክረምት ተማሪዎች ሆነን ስታትስቲክስ እንማራለን። መምህራችን በዕድሜ የኔ ተማሪ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው። አንድ ቀን ስለ አክቹዋሪ ሙያ አወራን። አክቹዋሪ ማለት ሰው መቼ ሊሞት፣ ቤት መቼ ሊቃጠል፣ መኪና መቼ ሊገለበጥ እንደሚችል ለመድን ድርጅት በቁጥር የሚገምት ባለሙያ ነው። እኛ አገር ይህን ሥራ እስከ ዛሬ የያዙት ጠንቋዮች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ፈተና አይፈተኑም። አክቹዋሪ ግን ይፈተናል። የውጭ አገር ማኅበር የሚያወጣው የፈተና ሰንሰለት አለ። አንዱን ሲያልፉት ሌላው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሁሉን ጨርሶ ለመውጣት ከኤሊ ላይ ዕድሜ መበደር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ፈተና የዕድል ስሌት ነው፤ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ይሠሩታል።

«ይሄማ ለኔ የተፈጠረ ነው» አልኩ ገና እንደሰማሁ።

ሚስቴ ሳቀች። «አጥና። እኔ ጥያቄ እያነበብኩ አግዝሃለሁ፤ ብቻህን እንዳይደብርህ።»

ለካ ጠላት እንዲህ ጥያቄ እያነበበ ነው ቤት የሚገባው! መስከረም ላይ «እስቲ እኔም ልሞክረው» ብላ ተመዘገበች። «እስቲ» ነው ያለችው፤ የጎረቤት ወጥ ጨው እንደምትቀምስ ሰው።

የምናጠናው ማማ ላይ ነበር። ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ከአባቴ የወረስኩት የማሽላ ማሳ አለኝ። ማሽላ ፍሬ ሲይዝ ደግሞ ግሪሳ ይመጣል። ግሪሳን ያላየ ሰው ወፍ ይመስለዋል። ግሪሳ ደመና ነው፤ ጥርስ ያለው ደመና። አንድ ከሰዓት ችላ ከተባለ ማሳውን ሙሉ መጥረጊያ አድርጎት ይሄዳል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን እኛ ዘንድ ሹምም ሁን ምሁር፣ ማማ ላይ ወጥተህ ወንጭፍ ታወናጭፋለህ። ጠዋት ጠዋት እኛ ስናስተምር የወንድሜ ሚስት ትጠብቅልናለች፤ ከሰዓት እሷ ወደ ራሷ ማሳ ስትሄድ እኛ እንተካለን። ማሳው ረዥም ስለሆነ ማማው ሁለት ነው። በአንዱ ጫፍ እኔ፣ በሌላው ጫፍ እሷ።

ሥርዓት አወጣን። አንዳችን ከስልክ ላይ ጥያቄ አንብበን በማሳው ላይ አሻግረን እንጮሃለን፤ ሌላው እየወነጨፈ ይመልሳል። ጥያቄው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ብጮህ ግን ግሪሳው ንቆኝ ተመቻችቶ ይቀመጣል፤ ስለዚህ በአማርኛ መለስነው። የተሸነፈ ሰው ጥንቅሽ ቆርጦ፣ ልጦ፣ ማሳውን አቋርጦ ለአሸናፊው ያቀርባል። ጥንቅሽ ያ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጠው የማሽላ ዘመድ ነው፤ በየመስመሩ ጣል ጣል አድርገን እንዘራዋለን።

መጀመሪያ ላይ እኩል ነበርን። እሷ አንድ ታመጣለች፣ እኔ አንድ አመጣለሁ። ከዚያ በኋላ እኔ ጥንቅሽ አመላላሽ ሆኜ ቀረሁ። በሁለቱ ማማ መካከል የተመላለስኩበት መንገድ ዛሬ አውሮፕላን ላይ ላለ ሰው ይታያል። ጣቶቼን ልጣጩ ሸርክቷቸው ጠመኔ መያዝ አቃተኝ። እሷ አገዳውን እየመጠጠች፣ ድምፅዋ ራሱ እየጣፈጠ ሄደ።

አንዱን ቀን መቼም አልረሳውም። «ስሚ!» ብዬ ጮህኩ። «ከመቶ ተወላጅ ስልሳው ስልሳ አምስት ዓመት ይሞላዋል። አርባ አምስቱ ሰባን ያልፋል። ስልሳ አምስት የሞላው ሰው ሰባ ሳይሞላው የመሞት ዕድሉ ስንት ነው?»

እኔ በልቤ ጨርሻለሁ። ከስልሳ አርባ አምስት ሲነሳ አሥራ አምስት፤ አሥራ አምስት በመቶ፤ አለቀ፣ ደቀቀ።

«ሩብ!» አለች፤ ድንጋዩ ገና ከወንጭፏ ሳይወጣ።

«ተሳሳትሽ! አሥራ አምስት በመቶ ነው! ቁረጪ ጥንቅሽ!»

«ከመቶው አይደለማ! አርባዎቹ እኮ ቀድመው ሄደዋል። የምታካፍለው እዚያ ለደረሱት ለስልሳው ነው!»

መልሱን ከፍቼ አየሁት። ሩብ ይላል። «ማንን ለማን እንደምታካፍሉ እዩ» እያልኩ የስንቱን ልጅ ጆሮ ያደነቆርኩ ሰው፣ ሙታኑን ከሕያዋኑ ጋር አንድ ላይ አሰልፌ አካፈልኩ። ያን ዕለት ጥንቅሹን ስልጥ ትልቁን ልጣጭ ትቼባት ነበር፤ ጥርሷ ግን እሱንም ቻለው።

ቅናት አንዴ ከገባ ቤቱን ሁሉ ያስሳል። በእንቅልፏ ቀናሁ፤ መጽሐፉን አጥፋ ትተኛለች፣ እኔ ከጣራው ጋር እፋጠጣለሁ። በወንጭፏ ቀናሁ፤ ወንጭፍ ያስያዝኳት እኔ ነኝ፣ አሁን እሷ ስትወነጭፍ ግሪሳው ኑዛዜ የሚናገር ይመስላል። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንዱ የፊዚክስ አስተማሪ ወረቀት ይዞ መጣ፤ እኔን በትከሻዬ አልፎ እሷን «እስቲ ይህቺን እይልኝ» አላት። በትከሻዬ አልፎ! አማቴ ከጎጃም ደውለው ስለ ፈተናው ጠየቁኝና «እሷስ ግድ የለም፤ አንተ በርታ እንጂ ልጄ፣ ከኋላም ቢሆን ይደረሳል» አሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ቀልድ። ሚስቴ ሳቅ ከያዛት ቁጥር ይበተንባታል። ስለዚህ ጥያቄውን እንዳለ ማንበብ ተውኩና ማስጌጥ ጀመርኩ። «ዕድሜው ስልሳ አምስት የሆነ ሰው» የሚለውን «ጉልበቱን የሚቆረጥመው፣ ሁለት ጥርስ የቀረው፣ ግመሉን ከሚስቱ አስበልጦ የሚወድ ሽማግሌ» አደርገዋለሁ። ከባልና ሚስት ማን ቀድሞ ይሞታል የሚል ሲመጣ፣ ሞትን በራሳችን ላይ እንዳልጠራ ፈርቼ «ሽማግሌውና ግመሉ» እላለሁ። ከማዶ ሳቋ ሲንከተከት እሰማለሁ፤ ሁለት ሦስት ጊዜም ተሳሳተችልኝ። የዚያን ሰሞን የበላሁት ጥንቅሽ ሁሉ የሽማግሌውና የግመሏ ነው።

በዚህ መሀል የፈተናው ቀን መጣ። ሁለታችንም የተመደብነው በአንድ ቀን ነው፤ ማሽላው ደግሞ ገና ሳይታጨድ። አዲስ አበባ ሄዶ ለመመለስ ቀናት ያስፈልጋል፤ ሁለታችን ከሄድን ግሪሳው ማሳውን ይወርሳል። በዚያ ሰሞን የወፍ ጠባቂ መፈለግ በቆቦ ጠራራ በረዶ እንደ መፈለግ ነው። ስለዚህ አንዳችን መቅረትና ፈተናውን ወደሚቀጥለው ዙር ማዛወር ነበረብን። ማን ይቅር? እኔ ለሙግት ተዘጋጅቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ያለኝን አገልግሎት ልዘረዝር ስል፣

«አንተ ሂድ» አለች። «አንተ ነህ የጀመርከው። እኔ አዛውረዋለሁ።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የምትበልጠኝ ሰው እያወቀች ስትለቅልኝ፣ ያ መልቀቅ ራሱ ሌላ ብልጫ ሆነብኝ። «አመሰግናለሁ» እንኳ አላልኩም። «አዛወርሽው?» እላታለሁ በየቀኑ። «ነገ» ትላለች። ቦርሳዬን አዘጋጀሁ።

ከኔ ማማ ጋር ድንበር የሚዋሰነው ማሳ የአባቴ ባልንጀራ የነበሩ የአንድ ሽማግሌ ነው። የኛ አገር ሰላምታ ከብቱን፣ ዘመዱን፣ ዝናቡን፣ ጤናውን፣ መንገዱን ጠይቆ ሳያልቅ የተቀዳ ሻይ ይቀዘቅዛል። እሳቸው ደግሞ ከሰውም ሁሉ የሰላምታ ጌታ ናቸው። በዚያ ሳምንት ግን «እንዴት ዋሉ አባባ?» ስላቸው «ደህና» ብለው ብቻ ማለፍ ጀመሩ። አንዲት «ደህና»። እኛ ዘንድ ሰላምታ ሲያጥር ነገር አለ ማለት ነው። እኔ ግን ሐሳቤ አዲስ አበባ ነበር።

ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ሦስት ሽማግሌዎች እሳቸውን አጅበው ከማማዬ ሥር ቆሙ።

«አስተማሪው፣ ውረድ» አሉኝ።

ወረድኩ። ማሳው ዳር ያለችው ግራር ጥላ ሥር ተቀመጥን። ጎረቤቴ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈው ጀመሩ።

«ከዚህ ልጅ አባት ጋር ዕድሜ ልክ ጎን ለጎን አርሰናል። አንድ ቀን ድንበር አልተጋፋንም። ልጁ ግን በየቀኑ የአስር ሰላት ሲደርስ እዚያ ላይ ወጥቶ የኔን መሞቻ ያውጃል።»

«እኔ?»

«ሰባ ሳይሞላው ይሞታል ወይ እያልህ አልጮህህም?»

«እሱማ ጥያቄ ነው፣ አባባ!»

«ሰው ጎረቤቱ መቼ እንደሚሞት ይጠይቃል? ለዚያውም ሚስቱን! እሷም ከዚያ ማዶ ሆና ሩብ ትላለች። የምኑ ሩብ? የዓመት ነው? እንቅልፍ አጣሁ እኮ፣ ወገኖቼ! ጉልበቱን የሚቆረጥመው ማነው፣ እኔ ነኝ። ሁለት ጥርስ የቀረው ማነው፣ እኔ ነኝ።» አፋቸውን ከፍተው ለሽማግሌዎቹ አሳዩ፤ እውነትም ሁለት ነበሩ። «ማግስቱን ደግሞ ግመሌን ጨመራት። ማን ይቀድማል ይላል። እኔስ እሺ፣ የአላህ ነኝ። ግመሏ ምን አደረገችው?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የኩታውን ጫፍ ወደ አፉ ሰበሰበ። እኔ በማተቤ እምላለሁ፣ ግመሉንም ጉልበቱንም ስጨምር እሳቸውን አላሰብኩም፤ ከማማ ላይ ዓይኔ የገባውን ነው ያነሳሁት። ግን ይህን እንዴት ብዬ ላስረዳ? «ትምህርት ነው፣ አባባ፤ ፈተና ነው!» ብል፣

«የምን ትምህርት ነው ጎረቤት እየገደለ የሚያስተምር?» አሉኝ።

ይሄኔ ሚስቴ ከማዶ ማሽላውን እየገፈተረች መጣች። በግማሽ የተመጠጠ ጥንቅሽ ከኋላዋ ደብቃ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች፤ ነገሩን ሰማች፤ ከሳቸው ፊት ተንበረከከች።

«አባባ፣ የሰውን ቀን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። ይሄ የእርስዎ አይደለም፤ የብዙ ሰው ነው። የሚለው ምን መሰለዎት፣ ስልሳ አምስት ከደረሱ አራት ሰዎች ሦስቱ ሰባን ያልፋሉ ነው። መውደቅ የነበረባቸው ቀድመው ወድቀዋል። እዚህ የደረሰ ሰው ከጠንካሮቹ ነው ማለት ነው።»

«ሦስቱ ያልፋሉ?»

«ሦስቱ ያልፋሉ።»

«አልሀምዱሊላህ!» አሉና ከዘራቸውን መሬት አስያዙት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «እሱ ያለውስ?»

«እሱም ያለው ይህንኑ ነው፣ አባባ። ሒሳቡ አንድ ነው።»

«ሒሳቡ አንድ ከሆነማ የተበላሸው አፉ ነው» አሉ ሽማግሌው።

ፍርዱ ብዙ አልፈጀም። ትልቁ ሽማግሌ «በአፉ ያጠፋውን በክንዱ ይካስ» አሉ። «ማሽላው እስኪታጨድ የራሱንም የእሳቸውንም ማሳ ይጠብቅ። እሳቸው ይረፉ።»

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። «እኔ እኮ አዲስ አበባ ፈተና አለብኝ!»

«እሷስ የለባትም?»

«አለባት፤ ግን የሷን ለሚቀጥለው ዙር አዛውራዋለች።»

«አዛውረሽዋል ልጄ?»

«ገና ነኝ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ጎረቤቴ አገጫቸውን አሹ። «እስቲ አንቺ የምታውቂ፣ ከሁለታችሁ ማለፉ ለማን ያደላል?»

ሚስቴ መልሱን እያወቀች ዝም ስትል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ገብቶናል፤ እሷ ትሂድ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘረጉ፤ ዱዓ ተደረገ፤ «አሚን» አልኩ፤ ከማን ላንስ።

ሚስቴ በኔ ቦርሳ ሄደች። የኔ ቦርሳ እኮ ነው፤ ካልሲዎቼን አውጥታ የሷን ነገር ከተተችበት። አውቶቡሱ ሮቢት ሲደርስ ደወለች፤ «ቀመሮቹን ጥራልኝ» አለችኝ። እኔ አንዱን ዘለልኩ፤ እሷ የዘለልኩትን ነገረችኝ። ጎብዬ ሲደርሱ ደግሞ ደውላ «እዚያ ጥግ ያለውን ማሽላ እንዳትረሳ፤ ወፉ ከዚያ ነው የሚገባው» አለችኝ። ወፉንም ከኔ በላይ ታውቀዋለች።

የፈተናው ዕለት ከሁለት ማሳ መሀል እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ቆሜ ዋልኩ። ጎረቤቴ ከማማዬ ሥር ጥላ ላይ ጋደም ብለው ዕረፍታቸውን ያጣጥማሉ። «ገባች ይሆን?» ይላሉ። «ገብታለች።» ትንሽ ቆይተው «ጨረሰች ይሆን?» እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ለሚስቴ ጸለይኩ። «አሳልፋት» አልኩ። ከዚያ «ግን በጣም አይሁን፤ ጠርዙን ነክታ» ጨመርኩበት። እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ጸሎት ሲሰማ ምን እንደሚያደርገው አላውቅም።

ስልኩ ጠራ።

«አለፍኩ» አለች። ኮምፒውተሩ እዚያው ይናገራል ለካ፤ ሰው ትንሽ እንኳ አያስጨንቅም።

እንኳን ደስ አለሽ ለማለት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ማሽላው ደህና ነው» የሚል ሆነ፤ ስልኩን ዘጋሁት። ከጀርባዬ የግሪሳ መንጋ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ሲያርፍ ይሰማኛል፤ እኔ ግን በተዘጋው ስልክ ላይ አፍጥጫለሁ። ጎረቤቴ ከሥር ብድግ አሉና በራሳቸው ወንጭፍ አባረሩት፤ ከዚያ ወደኔ አንጋጠው፣

«ምን አለች?»

«አለፈች።»

ሰውዬው በዚያ በሚቆረጥም ጉልበታቸው ዘለሉ። ሁለቱ ጥርሶች ከሩቅ አበሩ። በማማ በማማው «አለፈች! የኛዋ አለፈች!» እያሉ ተጣሩ፤ ከማሳ ማሳ ዋጃ ድረስ ሳይደርስ የሚቀር አይመስለኝም። «የኛዋ» አሉ። የኛዋ! እኔ እዚያው ተወልጄ ያደግኩት አንድ ቀን «የኛው» አልተባልኩም። ቆይቶ ግን፣ በስልክ፣ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። ከልቤ ነበር፤ ልቤ ግን ዙሪያውን እሾህ አለው።

ስትመለስ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳት። ቦርሳዬን ተቀብዬ በትከሻዬ ያዝኩ። ደክሟታል፣ ደስ ብሏታል፣ ፊቷ በርቷል። ጎን ለጎን ጥቂት ከሄድን በኋላ፣

«አንድ ጥያቄ አቃተኝ» አለች።

ቆምኩ። «አቃተሽ?»

«ደጋግሜ ሞከርኩት፤ እምቢ አለኝ። ግምት ሰጥቼው አለፍኩ። እንዲያውም እያየሁት አንተን አሰብኩ። እሱ ቢሆን ይሠራው ነበር አልኩ።»

ያን ጊዜ የቆቦ አቧራ ሁሉ ሽቶ ሆነብኝ። «የቱ? ምን ይላል? ንገሪኝ!»

«አልነግርህም።»

«እንዴት?»

«ከመግባታችን በፊት ያስፈርሙናል። ጥያቄ አላወጣም ብዬ ፈርሜያለሁ።»

«ለባልሽም?»

«ለባል ይፈቀዳል የሚል አላየሁም።»

ለመንኳት። ምዕራፉን ብቻ አልኳት። ጥያቄው ውስጥ ሹፌር አለበት? የሚቃጠል ቤት አለበት? ባልና ሚስት አለበት? ፊቷን አየሁት፤ እንደ ኩሬ ውሃ ረጋ ያለ ነው፤ አንድ ጠጠር አይታይበትም። ጎረቤቴን አማላጅ ላክሁባት፤ ሁለቱ ተቀምጠው ሻይ ጠጡና እሳቸው ተመልሰው «አማና ነው፣ አደራ አይበላም፤ ተዋት» አሉኝ።

ማሽላው ታጨደ፤ ተወቃ። እኔ ለሚቀጥለው ዙር ተመዝግቤያለሁ። የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ስላልነገረችኝ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ተነስቼ አንዲት መስመር ሳልዘል ሁሉንም እያጠናሁ ነው። እንደዚህ አጥንቼ አላውቅም። አንዳንዴ መጽሐፉን ከፊቴ ዝቅ ሳደርግ የተማሪ ደብተር እያረመች በጎን ስታየኝ እይዛታለሁ፤ ያኔ ያ ጥያቄ ፈጽሞ የለም እንዴ የሚል ጥርጣሬ ይገባኛል። ያለመኖሩ ዕድል ስንት እንደሆነ ለማስላት ሞክሬ አልወጣልኝ አለ። እሷን ብጠይቃት በአንድ ትንፋሽ ትመልስልኛለች። አልጠይቃትም።